የቆፋሪዎቹ አሥራ አራት ቁጥር

ሃውኪያርቪ፣ ፊንላንድ
ኦክቶበር 2 ቀን 1978

ለተከበሩ እትዬ ኤልማ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጉልበትዎም ዓይንዎም በርትቶ ያግኝዎት፤ ጌታ መጪውን ክረምት ያቅልልዎ። የእጅ ጽሑፌን እንደማያውቁት እገምታለሁ። ሲርካ ነኝ፣ የሂልማ ልጅ። እናቴና እርስዎ የወንድማማች ልጆች ናችሁ፤ አባትዎ አሜሪካ ባይሻገሩ ኖሮ እዚሁ ጎረቤት ሆነን እንኖር ነበር። እናቴ ባረፈች ጊዜ የጻፉልኝን ማጽናኛ ዛሬም አስቀምጬዋለሁ። መልስ ሳልሰጥ መቅረቴ ያሳፍረኛል። አሁንም ለሰላምታ ብቻ ነው የጻፍኩት ብል እዋሻለሁ። ላስቸግርዎ ነው።

ልጄ ቬሳ እርስዎ ከተማ ገብቷል። የማዕድን ኮሌጁ ለበረዶ ሆኪ ቡድኑ ፈልጎት፣ ትምህርቱንም ማደሪያውንም ችሎት ነው የሄደው። በኦገስት መጨረሻ ሸኘሁት። ከዚያ ወዲህ አንድ ፖስታ ካርድ ደረሰኝ፤ ከፊቱ የድልድይ ሥዕል አለው፣ ከጀርባው «ደህና ነኝ፤ ዝናብ ነው» ይላል። ሃያ ዓመት ያሳደግኩት ልጅ መዝነቡን ብቻ ነገረኝ።

ባለቤቴ ታውኖ ባለፈው ማርች አርፏል። ስለሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ቬሳ ሲጫወት ካዩት እንዴት እንደሆነ ይጻፉልኝ። ይብላ አይብላ፣ ኮፍያ ያድርግ አያድርግ። ዝምተኛ ስለሆነ ቀድመው ካላናገሩት እሱ አያናግርዎትም።

አክባሪዎ
ሲርካ ላይኔ


ኮፐር ቤይ፣ ሚሺጋን
ኦክቶበር 24 ቀን 1978

ለውዷ ሲርካ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለቤትሽ። የታውኖን ነፍስ ይማርልን፤ አንቺንም ያጽናሽ።

ላስቸግርዎ ነው ትያለሽ? ምን እንዳደረግሽልኝ አላወቅሽም! ባሌ ከሞተ በኋላ እንኳ የቆፋሪዎቹን ጨዋታ አሳልፌ አላውቅም። ቆፋሪዎቹ የምንለው የኮሌጁን ቡድን ነው። ከጎኔ የሚቀመጠው ክላይድ ትሬዚዝ ይባላል፤ ከመዳብ ማዕድኑ በጡረታ የወጣ ሰው ነው፣ መሰርሰሪያው ጆሮውን ስለበላው የሚያወራው እየጮኸ ነው። የእህቱ የልጅ ልጅ የቡድኑ በረኛ በነበረ ጊዜ «ዘመዴ፣ ዘመዴ» እያለ አደንቁሮኛል። አሁን ተራው የእኔ ሆነ!

ቅዳሜ የመክፈቻው ጨዋታ ነበር። በር ላይ የሚሸጠውን የተጫዋቾች ዝርዝር ስገልጥ አሥራ አራት ቁጥር፣ «ቬ. ላይኔ» ይላል። ጎረቤቴን በክርኔ ጎሸምኩት።

«ክላይድ፣ ያውልህ ዘመዴ!»

«የቱ?»

«አሥራ አራት!»

«ያ ረጅሙ ቀጫጫ? በሩን ሲከፍቱት ንፋስ ይወስደዋል።»

ንፋስ ሳይወስደው ሁለት ጎል አገባልሽ። ድምፅ ማጉያችን አፉ ላይ ብርድ ልብስ የተጠቀለለበት ይመስላል፤ ግን «ላይኔ» የምትለዋ ጥርት ብላ ተሰማችኝ። ተነስቼ ስጮህ ክላይድ ኮፍያውን አወለቀና «እሺ፣ ዘመድሽ ይሁን። አንቺን ግን አይመስልም፣ እሱ ይሮጣል» አለኝ።

ከጨዋታው በኋላ በተጫዋቾቹ በር ቆሜ ጠበቅኩት። ሲወጣ «ቬሳ! የሂልማ የልጅ ልጅ!» ብዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ልጁ እንደ እንጨት ደረቀ። በፊንላንድኛ የማላወራው ነገር አልነበረም፤ ስለ አባቴ፣ ስለ እናትሽ፣ ስላንቺ። እሱ «ኪቶስ» ብሎ አመሰገነኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም። እኔ እዚህ ተወልጄ ቋንቋው ሳይጠፋኝ፣ እሱን አሜሪካ በሁለት ወር ምላሱን በላችው? ግን አንቺም ዝምተኛ ነው ብለሻል።

እሁድ እሁድ ምሳ እኔ ቤት ይበላል። ወስኛለሁ፤ አታስቢ።

የምትወድሽ
ኤልማ


ሃውኪያርቪ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1978

ለተከበሩ እትዬ ኤልማ፣

እጅዎ አይንጠፍ፣ ማዕድዎ አይጉደል። ደብዳቤዎን ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ተቀምጬ ደገምኩት።

ከርስዎ ደብዳቤ ቀጥሎ የቬሳም መጣ። «እትዬ ኤልማ ቤት እሁድ እሁድ እበላለሁ። ፓስቲ የሚባል ሥጋና ድንች በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገር ምግብ ትሠራለች። ክላይድ የሚባል ሰው ይጮኻል» ይላል። እፎይ አልኩ። ከእፎይታው በኋላ ግን ነገሩ ይዞርብኝ ጀመር።

ሁለት ጎል? ቬሳ ተከላካይ ነው እኮ። እዚህ ሲጫወት አንዴ ብቻ ነው ያገባው፤ ያቺም ጀርባውን መትታው ነው የገባችው። አባቱ ስቆ አይበቃውም ነበር። ደግሞስ ረጅም? ቁመቱ ከእኔ እኩል ነው፣ እኔ ደግሞ አጭር ነኝ። ምናልባት ወንበርዎ ከሜዳው ሩቅ ይሆን? ወይስ እዚያ ያለው ምግብ ነው? ልጅ በሃያ ዓመቱ እንደገና ያድጋል ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ጥርጣሬዬን ለማንም አልተናገርኩም። ይልቅ ባለሱቁን አቶ ኩስቲን «ሁለት አገባ» ስለው ለመንደሩ ሁሉ አዳረሰው። መጋቢው ሳይቀሩ ከቅዳሴ በኋላ እጄን ጨብጠው እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። እኔም አሜን አልኩ።

ከዚህ ጋር ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ልኬያለሁ። እባክዎ ይስጡልኝ። ፀጉሩንም አሳጥሮት እንደሆነ ይጻፉልኝ፤ ነጭ ስለሆነ ሲያሳጥረው መላጣ ያስመስለዋል።

አክባሪዎ
ሲርካ


ኮፐር ቤይ፣ ዲሴምበር 6 ቀን 1978

ለውዷ ሲርካ፣

ባለሽበት ጤና ይስጥሽ፤ የገና ሻማሽን በሰላም አብሪ።

ካልሲው ደርሷል። ልጁ ሊለብሰው ቢታገል ተረከዙ ላይ ቀረ። «በጣም ያምራል» እያለ ላቡ እስኪመጣ ጎተተው፤ አልገባም። ሱፍ በመርከብ ሲመጣ ይኮማተራል እንዴ? ለክላይድ ሳሳየው «የሕፃን ነው፣ ለድመትሽ አልብሺያት» አለኝ። ቆልፌ አስቀምጬዋለሁ።

ፀጉሩን ጠየቅሽኝ። ሲርካዬ፣ ነጭ አይደለም። ጥቁር ቡናማ ነው። እውነት ለመናገር ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ እሁድ ዕለት ፊት ለፊት ጠየቅሁት።

«ቬሳ፣ እናትህ ፀጉሩ ነጭ ነው ትላለች።»

ሾርባው ትን አለው። «ውሃው ነው፣ አክስቴ» አለኝ። «እዚህ ውሃው ውስጥ መዳብ አለ።»

ክላይድ ይህን ስነግረው ጠረጴዛውን መታ። «ስልሳ ዓመት በዚህ ውሃ ታጥቤአለሁ! መዳብ ፀጉር ቢያጠቁር ኖሮ እኔ መላጣ እሆን ነበር?» አለ። ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም፤ እሱም የገባው አልመሰለኝም።

ምን ልበልሽ? ልጁ ጨዋ ነው። ከደጃፌ በረዶ ይጠርጋል፣ የሳውናዬን ምድጃ ጠግኖልኛል። በልቶ ሲጨርስ ሁልጊዜ «ለጓደኛዬ» ብሎ አንድ ሳህን አስጠቅልሎ ይሄዳል። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ሦስት አገባ። ሕዝቡ በደስታ ኮፍያውን ሜዳው ላይ ወረወረ። እኔም የባሌን ኮፍያ ወረወርኩት፤ ሳይመለስልኝ ቀረ፣ አልቆጨኝም።

ከጋዜጣ የቆረጥኩትን ፎቶ እዚህ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ከራስ ቁር ሥር ያለው ፊት ብዙም አይታይም። ግን እናት ነሽ፣ አንቺ ትለዪዋለሽ።

የምትወድሽ
ኤልማ


ሃውኪያርቪ፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 1979

ለተከበሩ እትዬ ኤልማ፣

አዲሱ ዓመት ከክፉ ይጠብቅዎ።

ፎቶውን አቶ ኩስቲ ተቀብሎኝ ሱቁ መስታወት ላይ ለጠፈው። የሚገባ የሚወጣው ሁሉ «አቤት ቬሳ! አቤት ቬሳ!» ይላል። ከጎረቤቴ ከሄልቪ ጋር ቆመን ስናየው «አገጩ ቁርጥ ታውኖን» አለችኝ። ሁሉም ሰው ያውቀዋል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እትዬ፣ የመጫወቻ ዱላውን የያዘው በተቃራኒው እጅ ነው። ቬሳ ግራኝ ነው። ካልሲውም አልተኮማተረም፤ ያን እግር ከተወለደ ጀምሮ ነው ስሸፍነው የኖርኩት፣ በጨለማ ብሠራለት ልክ ይሆነዋል።

እሱ ግን በየሁለት ሳምንቱ ይጽፍልኛል፤ የእጅ ጽሑፉ የራሱ ነው። ምሳዎ ላይ ምን እንደነበረ ይነግረኛል። ሦስት የገባ ቀን ሕዝቡ ኮፍያ እንደወረወረ ጽፎልኛል። «አገባሁ» ግን አይልም። ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። «ሦስት ገባ» ነው የሚለው። ማን እንዳገባው አይናገርም።

አእምሮዬ የተነካ እየመሰለኝ ነው። ታውኖ ከሞተ ወዲህ ምጣዱን አስቀምጬ ምጣዱን እፈልጋለሁ። የልጄም መልክ ጠፍቶብኝ ይሆን እላለሁ። እንደዚያ ከሆነ ይንገሩኝ። ካልሆነ ግን፣ እንደ እናት ልጠይቅዎትና አይቀየሙኝ፤ እሁድ እሁድ የሚያበሉት ማንን ነው?

ሲርካ


ኮፐር ቤይ፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1979

ለውዷ ሲርካ፣

ሰላም ይስጥሽ። ሌላ ምርቃት ዛሬ አፌ ላይ አይመጣልኝም። የዘገየሁት ታምሜ አይደለም። ስለ ጨዋታ ብቻ ጽፌልሽ ቀደድኩት፤ ደግሜ ጽፌ ደግሞ ቀደድኩት።

አእምሮሽ ደህና ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሳምንት፣ እሁድ ዕለት፣ ልጁ እንደ ልማዱ መጣ። በረዶውን ጠርጎ ገባና ተቀመጠ። ካልሲውን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩት።

«ይሄ የማን እግር ነው?» አልኩት።

ሹካውን ቀስ ብሎ አኖረ። «የቬሳ» አለ።

«አንተስ ማነህ?»

«ላይኔ ነኝ፣ አክስቴ። ቬርነን ላይኔ። ስሜን አልዋሸሁም፣ እውነት ነው።»

ከሐይቁ ማዶ፣ ካናዳ ነው የመጣው። አያቱ የኛ አገር ሰው ነበረች፤ ከሷ የቀረችው ያቺ «ኪቶስ» ናት። ኮሌጁ ሁለት «ቬ. ላይኔ» ሲያይ ወንድማማች መስለውት አንድ ማደሪያ ክፍል አስገባቸው። ቬሳ ጨዋታው ሳይጀመር ቡድኑን ተወ። ለዚህ ነው ዝርዝሩ ላይ አንድ ላይኔ ብቻ የቀረው።

«በሩ ላይ ሲያቅፉኝ ልነግርዎ ነበር» አለኝ። «አፌን የምከፍትበት ቀዳዳ አልሰጡኝም። ለቬሳ ስነግረው አለቀሰ፤ በናትህ ሂድላት፣ እናቴ ልጄ ተጫወተ ትበል፣ አለኝ። አንድ እሁድ ብቻ ብዬ ነበር። ከዚያ... ምግቡም ጥሩ ነበር።»

እየተቆጣሁ እያለ ሳቄ መጣ። ከዚያ አፈርኩ። አሁንም የትኛው እንደሚገባ አላውቅም። የሚጠቀለለው ሳህን ለማን እንደነበረ ሳልጠይቀው ገባኝ።

ቬሳ ከድልድዩ ማዶ ዳቦ ቤት ነው የሚሠራው። ኮሌጁ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይማር ብሎታል፤ ጠዋት ይጋግራል፣ ከሰዓት ይማራል። ክላይድ በመኪናው ወሰደኝ። ከጓዳ ሲወጣ ስሙን አልጠየቅኩትም። ነጭ ፀጉር፣ አጭር፣ የእናትሽ ግንባር።

«እርስዎ እትዬ ኤልማ ነዎት» አለኝ። «ፓስቲዎ ላይ ቁንዶ በርበሬ ይበዛል።»

እዚያው ዱቄት ከረጢት ላይ ተቀምጠን አወራን። ሲርካዬ፣ ስለ ታውኖ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ ብለሽ አልጻፍሽልኝም። ለሆኪ በረዶ እንዲሠራ የጓሮውን ሜዳ ውሃ ሲያጠጣ እንደወደቀ፣ ያገኘውም ልጁ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

«ቧንቧው አልተዘጋም ነበር» አለኝ። «ቦት ጫማው ከበረዶው ጋር ተጣብቆ ነበር። እዚህ መጥቼ የመጀመሪያው ልምምድ ላይ የመንሸራተቻ ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል እጄ እምቢ አለኝ። አሠልጣኙ ክፉ አይደለም፣ ነገ ና አለኝ። ነገም እምቢ አለ።»

«ለእናትህ ለምን አትነግራትም?»

«አልሄድም ስላት እያለቀሰች የላከችኝ እሷ ናት። ካልተጫወትኩ ለምን ተውኳት?»

ለእናቴ አይጻፉ ብሎ ለመነኝ። እሺ አልኩት። ይኸው እየጻፍኩልሽ ነው። ትክክል ሠርቼ ይሁን በድዬው፣ እንጃልኝ።

ኤልማ


ሃውኪያርቪ፣ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1979

ለተከበሩ እትዬ ኤልማ፣

ጌታ እውነት የተናገረ አፍዎን ይባርከው፤ ቢያምም ይባርከው።

የምቆጣው ሰው ፈልጌ አጣሁ። በቬሳ ልቆጣ እልና ቦት ጫማው ትዝ ይለኛል። በዚያ በቬርነን ልቆጣ እልና የእርስዎን ደጃፍ የጠረገው፣ ለልጄ ምግብ የተሸከመው እሱ ነው። ለመሆኑ እናት አለችው? ልጇ እሁድ እሁድ የት እንደሚውል ታውቃለች? እኔ የሷን ልጅ ጎል ስቆጥር ክረምቱ አለቀ፣ ለሷ ግን ማን ጻፈላት?

ሱቅ ስገባ አቶ ኩስቲ «ላይኔ ስንት አገባ?» ይለኛል። ምን ልበለው? አግብቷል እኮ። ላይኔ አግብቷል። ባለፈው «አንድ» አልኩትና ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ውሸቴ ነው እውነቴ እያልኩ ቤቴን አልፌ ሄጃለሁ።

አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ለማንም አልተናገርኩትም። አልሄድም ሲለኝ እያለቀስኩ የላክሁት ለሆኪ አልነበረም። ታውኖ ከተቀበረ በኋላ ቬሳ ያን ሜዳ ከሚያሳየው የወጥ ቤት መስኮት አልነቃነቅም አለ። ጠዋት እዚያ ነው፣ ማታ እዚያ ነው። በረዶው ቀልጦ ሣር ሲሆን እንኳ ሣሩን ያያል። ከዚያ መስኮት ይራቅልኝ ብዬ ነው። ሂድ የምልበት ሌላ ምክንያት ስላጣሁ «የአባትህ ልፋት ከንቱ አይቅር» አልኩት። እንዲሰማኝ ብዬ ያመጣሁት ቃል ነው። እሱ ግን ያን ተሸክሞ ባሕር ተሻገረ።

ማወቄን አይንገሩት። ራሱ ይንገረኝ። ወይስ ይንገሩት? እንደሚሻል ያድርጉ። ደሞ አይ፣ አይንገሩት።

ጎሉን ከእንግዲህ አይጻፉልኝ። ይልቅ እዚያ ዳቦ ቤት ከሰው ጋር ያወራ እንደሆነ ይጻፉልኝ።

ሲርካ


ኮፐር ቤይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ማርች 10 ቀን 1979

ለውዷ ሲርካ፣

ቀኑን ያሳምርልሽ። ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ልድረስ ብዬ በጥድፊያ ነው።

ያወራል። የዳቦ ቤቱ እመቤት «ሥራ ስሰጠው ዲዳ መስሎኝ ነበር፣ አሁን ስለ እርሾ ይከራከረኛል» አለችኝ። እሁድ ሁለቱም እኔ ቤት ናቸው። «ላይኔ» ብዬ ስጠራ ሁለቱም ቀና ይላሉ፤ ክላይድ ደግሞ ሆን ብሎ ይጠራል።

ጎሉን አይጻፉልኝ ብለሻል፣ ግን ይሄን ካልጻፍኩ እፈነዳለሁ። የጥሎ ማለፉ ሰሞን ነው። ሁለት ቀን ይጫወቱና የሁለቱ ቀን ጎል ተደምሮ የበለጠው ያልፋል። ትናንት አራት ለሁለት ተሸነፍን። ቬርነን አንድ አግብቶ ነበር፤ ከዚያ ተሳደበ ተብሎ የተቀጣ ተጫዋች ወደሚቀመጥበት ሳጥን ተላከ። ክላይድ ዳኛውን «መነጽርህን እናትህ ጋ ረስተኸው መጣህ?» ብሎ ሲጮህ ዋለና ዛሬ ድምፁ ተዘግቶ አልጋ ላይ ነው። መልሱ ዛሬ ከሰዓት ነው። በሦስት ልዩነት ማሸነፍ አለብን። በሁለት ካሸነፍን እኩል ነን፣ ጭማሪ ሰዓት ነው። በአንድ ካሸነፍን ተሸንፈናል። እኔም ራሴ ሲዞርብኝ ነው ያደረው።

የክላይድ ወንበር ባዶ ነው። አሁን ዳቦ ቤቱ ሄጄ ትኬቱን የቬሳ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ልጁ ከሴፕቴምበር ጀምሮ በሜዳው በር ገብቶ አያውቅም።

«እኔ ለምን?» አለኝ።

«ክላይድ ታሟል። ብቻዬን ለሁለት መጮህ አልችልም» አልኩት።

ሊጡን ማሸቱን ቀጠለ። እምቢም እሺም አላለኝም። ማወቅሽን አልነገርኩትም። ልንገረው ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር፣ ደንበኛ ገባ።

ልሂድ፣ ረፍዶብኛል።

ኤልማ


ሃውኪያርቪ፣ እሁድ፣ ማርች 11 ቀን 1979

ለተከበሩ እትዬ ኤልማ፣

ሰላምታዬን እንደቆምኩ ይቀበሉኝ። አዲስ የጻፉልኝ ነገር ካለ ገና አልደረሰኝም፤ ስለዚህ እርስዎ የሚያውቁትን እየነገርኩዎ ይሆናል።

ትናንት ማታ ከሳውና ወጥቼ ፀጉሬን ሳደርቅ ስልኩ ጮኸ። ሳነሳው ሰው አይደለም፣ የሕዝብ ጩኸት ነው። ተሳስተው ደወሉ ብዬ ልዘጋው ስል፦

«እማዬ።»

«ቬሳ? የት ነህ? ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ሜዳው ጋ ነኝ። ኮሪደሩ ላይ ሳንቲም የሚበላ ስልክ አለ። ላይኔ አሁን አገባ! ሁለት ለዜሮ እየመራን ነው፣ እኩል ነን!»

እትዬ፣ ሁለት ለዜሮ የሚመራ ሰው እንዴት ነው እኩል የሚሆነው? ያን ጊዜ ግን እሱን አልጠየቅኩትም። ሳላስበው ከአፌ ያመለጠኝ «የትኛው ላይኔ?» የሚለው ነው።

ሳንቲሙ ሲወርድ ይሰማኛል። የተቋረጠ መሰለኝ።

«ሌላኛው» አለ። «ሌላኛው ነው፣ እማዬ። እኔ ከተመልካቹ ጋር ነኝ። አልተጫወትኩም። አንድም ቀን አልተጫወትኩም።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ካወቅኩ ቆየሁ።»

«እና ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተስ?»

ከጀርባው ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ያጨበጭባል። አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም አልኩና «ስማኝ ልጄ» አልኩት። «ሂድ ያልኩህ እንድትጫወት አልነበረም።»

«ለምን ነበር ታዲያ?»

ልነግረው አፌን ስከፍት ጩኸቱ ቤቱ የተናደ ያህል ሆነ። ቬሳም ጮኸ። የኔ ቬሳ፣ ከአባቱ ቀብር ወዲህ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ልጅ፣ ጆሮዬ እስኪደነቁር «ሂድ! ሂድ! ምታ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ «ቆይ እማዬ፣ ቆይ፣ አንዴ ቆይ!» አለኝ። ስልኩን የጣለው መሰለኝ፣ ግድግዳውን ሲመታ ሰማሁት። የሚሮጥ ጫማ ሰማሁ። ቆየሁ። ሳንቲሙ አለቀና ተቋረጠ።

እርጥብ ፀጉሬን ይዤ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ልጄ በስልክ ጥሎኝ ሄዶ ቅር ሊለኝ ሲገባ አላለኝም። ላልቅስ ብዬ አላለቀስኩም። ሄልቪ መብራቱን አይታ መጥታ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ የመለስኩላት «እየመራን ነው» ብዬ ነው። እሱ ያለኝ እንደዚያ ነበር። እየመሩ ነው አላለም፣ እየመራን ነው አለ። ሌሊቱን ሙሉ ስለዚያች ቃል ሳስብ አደርኩ።

መስኮቱን፣ ለምን ሂድ እንዳልኩት፣ ራሴ እጽፍለታለሁ። ወረቀቱን አውጥቻለሁ። እርስዎ ምንም አይንገሩት። ቬርነንን ግን የእግሩን ልክ ጠይቀው ይላኩልኝ። የእናቱንም አድራሻ።

ጧት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አቶ ኩስቲ ያዘኝ። «እህ፣ ላይኔስ?» አለኝ። «ሁለት ላይኔዎች ናቸው» አልኩት። «አንዱ ይጫወታል፣ የኔው ይጮኻል።» ከዚያ በላይ ማስረዳት አልቻልኩም።

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ፣ እትዬ ኤልማ። ግን እባክዎ፣ ይህ እንደደረሰዎ ወዲያው ይጻፉልኝ፤ ያ ጩኸት የኛ ጎል ነበር ወይስ የነሱ?

አክባሪዎ
ሲርካ ላይኔ